ካባ ሰፈር፦ የስድስት ቀን የጎጃም ማስታወሻ

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ደጀን

አጎቴ የደወለልኝ ጥቅምት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። «አጥሬ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። ምን ማለት እንደሆነ በቅጡ የሚነግረኝ አጣሁ። ነይልኝ» አለኝ። አጎቴ ሰው ማስቸገር አይወድም። ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ እንኳን የሰማነው ከወጣ በኋላ ነበር። «ነይልኝ» የሚለው ቃል ከእርሱ አፍ ሲወጣ እንቅልፍ አጣሁ። ከዓመት ፈቃዴ አንድ ሳምንት ወሰድሁና ዛሬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ።

አጎቴ የሚኖረው ባሕር ዳር ዳርቻ፣ ነዋሪዎቹ «ካባ ሰፈር» በሚሉት ቦታ ነው። ይህ ካባ በሠርግ የሚለበሰው አይደለም። የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ነው፤ ግንበኛና ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው፣ ከጣሊያንኛ የወረስነው ቃል። ድንጋይ በሚወጣበት ከተማ ሁሉ ካባ የሚባል ሰፈር አይጠፋም። የአጎቴ ካባ የትኛው እንደሆነ ለይቼ አልጽፍም። የይዞታቸው ጉዳይ ገና አልተቋጨምና ጎረቤቶቹ አደራ ብለውኛል።

በቀጥታ ባሕር ዳር መግባት እችል ነበር። ደጀን ላይ የወረድሁት አጎቴ ስለላከኝ ነው። «እዚያ የድሮ ባልደረባዬ አለ። አንድ ፎቶግራፍ አለው፤ ለምነሽ አምጪልኝ» ብሎኛል።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይን በረሃ መውረድና መውጣት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረው ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። መንገዱ ገደሉን እየቆረጠ ስለሚወርድ የምድሪቱ ሆድ በመስኮት በኩል ይታያል፦ ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ከሁሉም በታች እንደገና የአሸዋ ድንጋይ። ነጭ ድንጋይ የጫኑ ከባድ መኪናዎች እያቃሰቱ ዳገቱን ይወጣሉ። ጂፕሰሙ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ከመቶ ኪሎ ሲሚንቶ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ኪሎ የሚሆነው እርሱ ነው፤ ባይኖር ሲሚንቶው ውሃ እንደነካው ይጠነክርና ግንበኛው ሳያስተካክለው ደርቆ ይቀር ነበር። ወንዙ ላይ ሁለቱ ድልድዮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተሠራው አሮጌውና በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ። ከዚያ ወዲያ ጎጃም ነው።

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ከባድ መኪናዎች ከሚያድሩበት ግቢ አጠገብ ነው። ጆሯቸው በደንብ አይሰማም። ካባ ላይ ድማሚት ተኳሽ ነበሩ። የመጣሁበትን ጉዳይ ጮኬ ስነግራቸው መጀመሪያ ቡና አስፈሉልኝ። ሁለተኛውን ስኒ ጠጥተው ከጨረሱ በኋላ ነው ትራሳቸው ሥር ካለው የብስኩት ቆርቆሮ ፎቶግራፉን ያወጡት።

ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል። አምስት ወንዶች ተርታ ቆመዋል። አንዱ ዲጂኖ ተመርኩዟል። አጎቴን በጆሮው ለየሁት፤ የእናቴ ጆሮ ነው። ከኋላቸው የሣር ጎጆ፣ ከጎጆው ጣሪያ የሚወጣ ጭስ፣ ከደጃፉ ደግሞ ጎንበስ ያለች ሴት ጀርባዋ ብቻ ይታያል። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጥር 1987» ተብሎ ተጽፏል።

«ከመተኮሳችን በፊት ሦስት ጊዜ ፊሽካ እንነፋለን» አሉኝ ሽማግሌው። «በመጀመሪያው ሠራተኛው መሣሪያውን ይሰበስባል። በሁለተኛው ሁሉም ይሸሻል። በሦስተኛው ነፍስ ያለው ነገር አይታይም። ይህቺ ሴት ብቻ ነበረች አልነሣም የምትል። ወጥ ጥጄ እንዴት እሄዳለሁ ትል ነበር። አለቃው ተቆጣት፤ እኔም ተቆጣኋት። አልሰማችም። መጨረሻ ላይ እኔ ራሴ ክሩን የምለኩስበትን ሰዓት ከወጧ ጋር አስማማሁ።» ከዚያ ፎቶግራፉን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «አይመለስም አይደል?» አሉ። ይመለሳል አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የመኪና ቀን ነው፤ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ከደጀን በሞጣ በኩል ያለው መንገድ ያጥራል፤ እኔ ግን መኪና ያገኘሁት በደብረ ማርቆስ በኩል ስለሆነ ዞርሁ። የጤፍ አጨዳ ጊዜ በመሆኑ ማሳው ሁሉ ወርቅማ ነው። ደብረ ማርቆስ ምሳ በላሁ። ይህች ከተማ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በቅዱስ ማርቆስ ስም ሳይሰይሟት በፊት መንቆረር ትባል ነበር፤ ሽማግሎች ዛሬም በአሮጌው ስም ሲጠሯት ይሰማል። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ከዚያ የእንጅባራ ብርድ። ዳንግላን፣ ዱርቤቴንና መራዊን አልፈን መሸንቲ ስንደርስ መሸ።

ካባ ሰፈርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በ1992 ክረምት፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ጎጆዎቹን ቆጥሬያቸው ነበር፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ከዋናው መንገድ ወርደን በጭቃ አንድ ሰዓት ሄደናል። ማታ ጅብ ከአጥሩ ሥር ሲጮህ አጎቴ «ድንጋይ ወርውረንበት እናውቃለን፤ ያውቀናል» ብሎ አጽናንቶኛል። ዛሬ ባጃጁ በኮብልስቶን መንገድ እየተንገጫገጨ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አደረሰኝ። መብራት በመብራት ነው። ፋርማሲ፣ ጸጉር ቤት፣ የብሎኬት ማምረቻ፣ ሁለት ፎቅ የወጣ ሕንፃ። አጎቴ የባትሪ መብራት ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ከአምፖል በታች ባትሪ ይዞ መቆሙ ከድሮ የቀረ ልማዱ ነው።

«ፎቶውን ሰጠሽ?» አለኝ ከሰላምታው በፊት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ቀለሙን በጠዋት አየሁት። በብሎኬት አጥሩ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀይ ምልክት ነው፤ ከጎኑ ቁጥር ተጽፎበታል። ተመሳሳይ ምልክት በጎረቤቱም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም ግቢ አለ። በተርታ እያየሁ ስሄድ መስመር ሠራ። መስመሩ አጥሩን ብቻ ቢነካ ኖሮ ይህን ያህል አያሳስብም ነበር፤ የአጎቴን ወጥ ቤት መሐል ለመሐል ይቆርጣል።

እትዬ፣ የአጎቴ ሚስት፣ ቁርስ ስታቀርብ ስለዚህ ምንም አላለችም። የጾም ቀን ነውና ሽሮ ነበር፣ ዳጉሳ የተቀየጠበት እንጀራ ላይ። ፎቶግራፉን አሳየኋት። ረዥም ጊዜ ያዘችው። ፊቷ የማይታይበትን ፎቶግራፍ ሰው እንዲህ ሲያየው አላየሁም። «ያቺ ጎጆ ይቺው ናት» አለች፣ በአውራ ጣቷ ወጥ ቤቱን እያመለከተች። «ግድግዳዋ ተቀይሯል፤ ጣሪያዋም። ጉልቻው ግን ያው ነው፤ ከተጎለተበት ንቅንቅ አላለም።»

ሦስቱን ጉልቻዎች ሄጄ አየኋቸው። ከጭስ ብዛት ይብለጨለጫሉ። የካባው ባዛልት ነው፤ አጎቴ በ1985 ወደዚህ በመጣ በሳምንቱ የፈለጣቸው። እዚህ ሰፈር ውስጥ ከነዚህ ሦስት ድንጋዮች የሚቀድም ነገር የለም።

ከቁርስ በኋላ ካባውን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። እንዴት ሰፈር እንደ ሆነ እየሄድን ነገረኝ፤ በየቦታው እየቆመ፣ በእጁ እያሳየ።

መጀመሪያ የመጣው መንገድ የሚሠራ ተቋራጭ ነው። ጥቁር ባዛልቱ ከላይ አፈሩ እምብዛም ሳይወፍር ይገኛል፤ ለጠጠርም ለግንብም የሚሆን ነው። ድንኳን ተተከለ፣ ጠጠር መፍጫ ቆመ፣ ገልባጭ መኪናዎች መጡ። ከየገጠሩ ጉልበት ያለው ሁሉ መጣ። ወንዶቹን ተከትለው እንጀራ የሚያቀርቡ ሴቶች መጡ። ተቋራጩ ለሠራተኛው ቤት አልሠራም፤ ሴቶቹ ግን ምግብ የሚያበስሉበት ጎጆ ሠሩ። ሰፈሩን የቆረቆረው ማን ነው ተብዬ ብጠየቅ ያለ ማመንታት እነርሱ ናቸው እላለሁ። የተቋራጩ ድንኳን በአንድ ቀን ተነቅሎ በመኪና ይሄዳል፤ ምጣድ የተጣደበት ቤት ግን እንዲህ በቀላሉ አይነሣም።

መንገዱ በ1989 አለቀ። ተቋራጩ ማሽኑን ጭኖ ሄደ። የቀረው ጉድጓድ ነው። ግማሹ ሠራተኛ ተከትሎ ሄደ፤ ግማሹ እዚህ ወልዶ ነበርና ቀረ። እኔ በ1992 ያየኋቸው እነዚህን ነበር፦ ያለ ድማሚት፣ ያለ ማሽን፣ በመዶሻና በሽብልቅ ብቻ ድንጋይ እየፈለጡ ለግንብ የሚሸጡ ሰዎች። ክረምት ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል። ወባው ከዚያ ይነሣል። በዚያው ዓመት አንድ ሕፃን ልጅ ውስጡ ገብቶ ሞተ። አጎቴ ይህን ሲነግረኝ ቆሞ ወደ ታች አየ፤ ከዚያ ዝም ብለን ሄድን።

ሰፈሩን የለወጠው ኮብልስቶን ነው። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እገዛ በ1990ዎቹ መጨረሻ በአገራችን የተጀመረው የድንጋይ ንጣፍ ሥራ ወደዚህ ሲደርስ ከከተማዋ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ፣ ለመጥረብ የሚመች ባዛልት ያለው፣ ድንጋይ የሚያውቅ ሰው የሚኖርበት ካባ ያገኘው እዚህ ነው። ወጣቱ በማኅበር ተደራጀ። ዲፕሎማ የያዙም መጡ። መጀመሪያ መዶሻ ሲጨብጡ እጃቸው የሚደማ ልጆች ነበሩ፤ ያስተማሯቸው አጎቴና ጓደኞቹ ናቸው። ይህን በኩራት ነው የነገረኝ። እኔም ስጽፈው ኩራቱ ተጋብቶብኛል።

አንዱን ድንጋይ እንዲጠርብልኝ ለመንሁት። «እጄ ረስቶታል» አለ፤ ነገር ግን ወዲያው ተቀመጠ። አንድ የባዛልት ቁራጭ አንሥቶ በመዶሻው ጫፍ ቀስ አድርጎ አንኳኳ። «ስሚው» አለኝ። እንደ ብርጭቆ ጠራ አለ። ሌላ አንሥቶ አንኳኳ፤ ይህኛው ድምፁ ደፈነ። «ይሄ ውስጡ ተሰንጥቋል፤ ብትመቺው ጉልበትሽን ይበላል እንጂ ቅርጽ አይወጣውም።» ጥሩውን በጉልበቶቹ መካከል አስቀምጦ ዙሪያውን አየ፤ የድንጋዩ ፊት ወዴት እንደሚሄድ ፈለገ። ከዚያ አንድ ምት፣ አዙሮ አንድ ምት፣ ሦስተኛው ላይ ድንጋዩ ለሁለት ተከፈለ፤ የተከፈለው ፊት ለጥ ያለ፣ እርጥብ የመሰለ ጥቁር ነው። ጥቂት ቆይቶ በየጎኑ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ኩብ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ገና ይሞቅ ነበር። በዚህች ከተማ እንዲህ ያለ ድንጋይ ስንት እንደ ጠረበ ጠየቅሁት። ቆጥሮ አያውቅም፤ የሚከፈለው ግን በቁጥር ነበር፣ ስለዚህ አንድ ሌላ ሰው ይቆጥርለት ነበር።

ባሕር ዳር በ1987ቱ ቆጠራ 96,140 ሰው ነበራት። በ1999ኙ 155,428 ሆነች። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ማንም ዞር ዞር ብሎ የሚያይ ሰው የሚያውቀው ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚረግጠው መንገድ፣ የሚያድርበት ቤት መሠረት፣ የሚደገፍበት የድጋፍ ግንብ ከአንድ ቦታ ተቆፍሮ መውጣት ነበረበት። ከነዚያ ቦታዎች አንዱ እዚህ ነው። ከተማዋ በጨመረች ቁጥር ጉድጓዱ ሰፋ፤ ጉድጓዱ በሰፋ ቁጥር ከተማዋ ቀረበች። በመጨረሻ ተገናኙ። ቤቶቹ ከጉድጓዱ አፍ በጣም ስለ ቀረቡ ካባው በ2008 እንዲቆም ተደረገ።

አሁን ታች ወርደናል። የማላምነውን ነገር ያየሁት እዚህ ነው። የጉድጓዱ ወለል ገበያ ሆኗል። ድንጋዩ በደረጃ በደረጃ እየተቆረጠ ስለ ወጣ ዙሪያው እንደ ስታዲየም መቀመጫ ነው፤ ሽንኩርት ሻጮች፣ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎች፣ በርበሬ የሚያሰጡ ሴቶች በየደረጃው ተቀምጠዋል። በአንደኛው ጥግ ባጃጆች ተሰልፈዋል። በሌላው ጥግ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። የዝናቡ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ተቆፍሯል፤ ማን ቆፈረው ብዬ ብጠይቅ «እድሩ» አለኝ አጎቴ። የሞተው ሕፃን አባት ሰብሳቢ ነበር።

ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። የስልክ ጥገና አለ። ተማሪዎች የሚከራዩአቸው ክፍሎች በተርታ ተሠርተዋል። በየበሩ ሰላም የሚለው ሰው እየበዛ ሄደ፤ ነገር ግን ሰላም የማይሉትም ብዙ ናቸው። ባንክ ውስጥ የሚሠራ፣ መምህር፣ ነጋዴ፤ ወደዚህ የመጡት ቦታው ለከተማ ቅርብ ሆኖ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ነው። አንዱን ወጣት ስለ ሰፈሩ ስም ጠየቅሁት። «ካባ የሚለው ከበዓል ልብስ የመጣ ይመስለኛል» አለኝ በትሕትና። አጎቴ አላረመውም። እኔ አረምሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ከአጎቴ ጋር ምልክቱን ወደ ቀባው መሥሪያ ቤት ሄድን። ሦስት መስኮት ላይ ተልከን አራተኛው ላይ አንድ ወጣት ባለሙያ በትዕግሥት አስረዳን። መንገዱ ይሰፋል። ባጃጅና ገልባጭ መኪና አብረው የሚሄዱበት ጠባብ መንገድ መስፋት እንዳለበት እኔም አምናለሁ፤ ለሰፈሩም ይጠቅማል። ጥያቄው አንድ ነው። «ካርታ አላችሁ?» አለን ባለሙያው።

ካርታ የላቸውም። በካባ ሰፈር ከድሮዎቹ ነዋሪዎች ካርታ ያለው የለም።

ይህ ነገር ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የከተማ ቦታ በሊዝ የሚተዳደረው በ2004 በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚነሣ ሰው ካሳ የሚያገኝበት አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ የወጣው በ2011 ነው፤ የ1997ቱን አዋጅ ቁጥር 455 ተክቷል። በቋሚነት መሬቱን የሚለቅ አርሶ አደር ቀድሞ በዓመት ገቢው አማካይ አሥር እጥፍ ይሰላለት የነበረው፣ አሁን ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ የዓመት ገቢ በአሥራ አምስት እጥፍ ሆኗል። መልካም ነው። ነገር ግን ሁሉም ስሌት የሚጀምረው «ሕጋዊ ባለይዞታ» ከሚለው ቃል ነው። ተቋራጩ የመጣው ድንጋይ ሊያወጣ ነው፤ ሰፈር ሊመሠርት አልነበረም። ሠራተኞቹ ጎጆ የሠሩት ማንም ሳይሰጣቸው፣ ማንም ሳይከለክላቸው ነው። ያኔ ይህ መሬት ጥቁር ድንጋይ የወጣበት ባድማ ነበር፤ ማንም አልፈለገውም።

ኋላ የመጡት ግን ወረቀት አላቸው። መሬት አይሸጥምና ከአርሶ አደር የገዙበት ውል «የቤት ሽያጭ» ይባላል፤ ሦስት ምስክር ፈርሞበታል። ሕጋዊ ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው፤ ወረቀት ግን ወረቀት ነው። የአጎቴ ሰዎች ለጉልበታቸው እንጂ ለቦታቸው ከማንም ጋር ተፈራርመው አያውቁም። በዚህ በጣም አዝኛለሁ፤ ማዘን ብቻ አይደለም፣ ተቆጥቻለሁ። መንገዱን ከሥሩ ያነጠፈ ሰው መንገዱ ሲሰፋ «አንተ ማን ነህ?» ሊባል አይገባም። የጨረቃ ቤት በአንድ ሌሊት ተሠርቶ የሚሸጥበትን ነገር እኔም አልደግፍም። ሃያ ሰባት ዓመት የኖረበትን ሰው ከአንድ ሌሊት ቤት ሠሪ ጋር አንድ ላይ መቁጠር ግን ሐቅ አይደለም።

ባለሙያው ጥሩ ልጅ ነበር። «ቦታውን መቼ እንደያዛችሁት የሚያሳይ ማናቸውም ማስረጃ ካለ አምጡ፤ ሰነድ ለሌለው ይዞታ የሚታይበት አሠራር አለ» አለን። አጎቴ በመንገድ ላይ ሲመለስ «ማስረጃ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ለራሱ ደገመው።

ቤት እንደ ገባን እትዬ ከአልጋው ሥር የብረት ሳጥን ጎትታ አወጣች። ተከፈተ። ውስጡ በላስቲክ በላስቲክ የታሰረ ወረቀት ሞልቷል። የውሃ ሒሳብ፤ በመጀመሪያ የቦኖ ውሃ ወጪ መዋጮ፣ ከዚያ የራሳቸው ቆጣሪ። የመብራት ደረሰኝ፤ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ የተከፋፈሉበት ቁርጥራጭ ወረቀት ጭምር። የእድር መዋጮ ደብተር። የልጆቻቸው የክትባት ካርድ፣ አድራሻው «ካባ» ተብሎ የተጻፈበት። የኮብልስቶን ማኅበሩ የተረከበበት ቅጽ። የምርጫ መመዝገቢያ ካርድ። ለትምህርት ቤት ማሠሪያ ያዋጡበት ደረሰኝ።

«ይህን ሁሉ ለምን አስቀመጥሽው?» አልኳት።

«ሰው የከፈለበትን ወረቀት ይጥላል?» አለችኝ፣ ጥያቄዬ ገርሟት።

ከሰዓት በኋላ ሙሉ በግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን በየዓመቱ ለየነው። ነፋስ ሲነሣ ወረቀቶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አጎቴ ከአጥሩ ጥግ ኮብልስቶን እያመጣ በየዓመቱ ክምር ላይ አንድ አንድ ድንጋይ አስቀመጠ። 1991፣ 1992፣ 1993። አንዳንዱ ዓመት ወፍራም ነው፤ አንዳንዱ አንድ ወረቀት ብቻ። 1996 ላይ ምንም የለም። «ያን ዓመት ታምሜ ነበር፤ የከፈልነው ነገር የለም» አለ። በባዶው ቦታም ድንጋይ አስቀመጠ። በተርታው መጀመሪያ ላይ ከደጀን ያመጣሁትን ፎቶግራፍ አደረግነው፣ ጀርባው ወደ ላይ፣ ቀኑ እንዲታይ።

ጎረቤቶች እየመጡ ቆመው አዩ። አንዲት አሮጊት ሳትናገር ሄዳ ከትንሽ ቆይታ በኋላ የራሷን ኮሮጆ ይዛ ተመለሰች። ከእርሷ በኋላ ሌላ መጣ። ሲመሽ ግቢው ውስጥ አሥራ አራት ሰው ነበር፤ ሁሉም ወረቀት ይዟል። ማንበብ የማይችሉትን አነበብሁላቸው። ትናንት የካባን ትርጉም ያረምሁት የባንክ ሠራተኛም መጣ፤ የእርሱ ግቢ ምልክት የለበትም። ላፕቶፑን ከፍቶ ስማቸውንና ዓመቱን በሠንጠረዥ መመዝገብ ጀመረ። እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ድረስ ቆየ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል ነው። ከእንቅልፌ የነቃሁት በጭስ ሽታ ነው። በ1911 የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከጨረሰ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል የቆየ ልማድ ነው፤ ካባ ሰፈርም «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። በየደጃፉ ቅጠል፣ ገለባ፣ አሮጌ ካርቶን ይነዳል። ጭሱ ወደ ጉድጓዱ ይወርድና ግድግዳው ስለሚይዘው ቶሎ አይወጣም፤ ከላይ ሆኜ ሳይ ገበያው በነጭ ጉም የተሞላ ሐይቅ ይመስላል።

እትዬ በጭንቀት ሳጥኑን ከቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ አስፈተሸችኝ፤ በስህተት ከቆሻሻው ጋር የወጣ ወረቀት እንዳይኖር።

ወረቀቱን ይዘን ጉድጓዱ ውስጥ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረድን። የአሥራ አራቱም ቤት ሰነድ አለ። ልጁ ማሽኑን ሲያሞቅ አጎቴ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው። ቤቱ ከኋላው ግድግዳ የለውም፤ የካባው ድንጋይ ራሱ ነው ግድግዳው። ክብ ቀዳዳ አለበት፣ እንደ አውራ ጣት የሚሰፋ፣ ድማሚት የሚቀበርበት ብስ ግማሹ። «ይህን የበሳው የደጀኑ ሽማግሌ ነው» አለኝ። ልጁ ማሽኑን አቁሞ ዞር ብሎ አየው። በየቀኑ ሽቦ የሚያስገባበት ቀዳዳ ነው።

ሁለት ሁለት ቅጂ አወጣን። አንዱን ለመሥሪያ ቤቱ አስገባን፤ ያ ወጣት ባለሙያ ተቀብሎ ገጹን ቆጥሮ በመዝገብ ላይ ቁጥር ሰጠን። ቁጥሩን አጎቴ በእጁ መዳፍ ላይ ጻፈው፤ ወረቀት ሰጥተውት ሳለ።

ማታ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥን። ጾም ስለሆነ ምስር ነበር። እሳቱ ሦስቱ ጉልቻዎች መካከል ነው። እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቀለሙ ተናገረች። «መንገዱ ከመጣ ይምጣ። ጉልቻዬን ግን ራሴ ነቅዬ ነው የማስገባው፤ በማሽን አላስነካም» አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሣሁ። አጎቴ ባትሪውን ይዞ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ሁለተኛውን ቅጂ በፌስታል ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ ሰጠኝ። «እዚህ ቢጠፋ እዚያ ይኑር» አለ። ፎቶግራፉን ግን ዋናውን ነው የሰጠኝ፤ ቅጂውን እርሱ ዘንድ አስቀርቶ። የሰው አደራ ነው።

ደጀን ላይ መኪናው ለቁርስ ሲቆም ሮጬ ወደ ሽማግሌው ሄድሁ። ፀሐይ እየሞቁ ደጃፍ ላይ ነበሩ። ጋዜጣውን ፈትተው ፎቶግራፉን አገላብጠው አዩት። «ጠቀመ?» አሉኝ።

ገና አልታወቀም አልኳቸው፣ ጮኬ። ራሳቸውን ነቀነቁና የብስኩት ቆርቆሮውን እንድከፍትላቸው ሰጡኝ።

በረሃውን ስንወርድ የወረቀቱን ጥቅል ጉልበቴ ላይ ይዤ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጥቅሉን ወደ ላይ ሰቅላልኝ እንድቀመጥ ለመነችኝ፤ ይከብዳል ብላ። አይከብድም አልኳት።